ጤነኛ ቁጥር አርባ

"ምርመራውን ስደግመው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፣ ሦስተኛ!" አሉ ጋሼ ሚዛን ጓንታቸውን እያወለቁ። "ጤነኛ ቁጥር አርባ ጤነኛ አይደለም። ከፈለጋችሁ አራተኛም እደግመዋለሁ፤ መልሱ ያው ነው።"

"ሚዛን" ቅጽል ስማቸው ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ አንዲት ብልቃጥ እንኳ አምታተው አያውቁም። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቷቸዋል።

ተመራማሪዋ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ውጤቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ታነባለች። ጥናቱ የእሷ ነው። የሰው አንጀት ለምን እየተቆጣ እንደሚቆስል፣ የሰውነት መከላከያ ለምን በገዛ አንጀቱ ላይ እንደሚነሳ ለማወቅ መቶ ሃያ ታማሚዎችንና አርባ ጤነኞችን ስታነጻጽር አራት ዓመቷ ነው። አሁን አንድ ጂን ላይ ደርሳለች። ያ ጂን ደህና ሲሆን አንጀት ወዳጅ ባክቴሪያን ከጠላት እንዲለይ ያግዛል፤ ሲለወጥ ግን ወዳጅና ጠላት ይደበላለቅበታል። ለውጡ ከታማሚዎቹ በብዙዎቹ ተገኝቷል፤ ከጤነኞቹ ግን በአንዱ ብቻ፣ በዚሁ በቁጥር አርባ። ሰገራው ውስጥም አንጀት ሲቆጣ የሚወጣው ፕሮቲን ጣሪያ ነክቷል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሳያንኳኳ ገባ። ከተመራማሪዋ ጋር ከተማሪነታቸው ጀምሮ ስለሚተዋወቁ ነገር አያሽሞነሙንም።

"ነገ ጠዋት ሰው ፊት ቆሜ ውጤቱን የማቀርበው እኔ ነኝ" አለ። "ብልቃጥ ተቀያይሯል፣ አለቀ። አርባን አውጡት።"

"በእኔ እጅ?" አሉ ጋሼ ሚዛን።

"በማን እጅ ልበል ታዲያ ጋሼ? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም መስጠቴ አይቀርም። ደንብ ነው፤ ቅር እንዳይልዎ።"

"ቅርማ ይለኛል! ስማኝ ልጄ፤ ጂኑ የተነበበው ከደሙ ነው፣ ፕሮቲኑ የተለካው ከሰገራው። ሁለቱ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ብልቃጥ ነው የመጡት። ታዲያ ሁለቱም ተቀያይረው አንድ ሰው ላይ ገጠሙ? እንዲህ ያለ ዕድል ቢኖረኝማ ሎተሪ እቆርጥ ነበር።"

ተመራማሪዋ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሆዷን ቆረጣት። ቁጥር አርባ ማን እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከሁለት ወር በፊት፣ ናሙና መሰብሰቢያው ሊዘጋ ሲል አንድ ጤነኛ ሰው ጎደለ። "እኔ አለሁ አይደል?" ብላ ቅጹን ቆማ በሁለት ደቂቃ ሞላችው። የሆድ ቁርጠት? የለም። ደም? የለም። የክብደት መቀነስ? የለም። ታማሚዎችን ፊት ለፊት ተቀምጦ እየጠየቀ ቅጹን የሚሞላላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ሰው ራሱ ከሞላው ሕመሙን ያሳንሳል ብላ ደንቡን ያወጣችው እሷው ነች። ጤነኞቹ ግን ራሳቸው እንዲሞሉ ተትቷል፤ ጤነኛ ምን ይዋሻል ብላ።

እሷ ግን ከስብሰባ መሐል እየተነሣች ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ከጀመረች ቆይታለች። ባሏ ሲጠይቃት "ባክህ ጨጓራዬ ነው" ትለዋለች። ደሙንም አይታ እንዳላየ ሆናለች። ታማሚዎች ያንኑ ሰበብ ሲያመጡላት ደግሞ አትምራቸውም። "ጨጓራ ጨጓራ እያላችሁ አንጀታችሁን ጨረሳችሁት!" ስትላቸው ይስቃሉ።

አሁን አፈረች። ፍርሃትም ነበረባት፤ እፍረቱ ግን ባሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሳሳቱ የኖሩ ሰው በእሷ የሁለት ደቂቃ ችኮላ ማስጠንቀቂያ ተሸክመው ይሸኙ?

"ብልቃጥ አልተቀየረም" አለች። "አርባ እኔ ነኝ።"

"ቀልዱን ተይው" አለ ኃላፊው።

"ቅጹን ዋሽቼ ነው የሞላሁት። ጋሼ ልክ ናቸው። ማስጠንቀቂያ የምትጽፍ ከሆነ ለእኔ ጻፈው።"

ኃላፊው ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። "ነገስ ምን ልበል?"

"እውነቱን። አንዷ ጤነኛ ጤነኛ አልነበረችም፣ እሷም የጥናቱ መሪ ነች በል። ያለ እኔም አስልቼዋለሁ፤ ውጤታችን አይወድቅም። የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኙንም እየጠራን ፊት ለፊት እንጠይቃቸዋለን። እኔ ከዋሸሁ ሌላውም ይዋሻል። እስከዚያ ድረስ ግን ውጤቱ ጊዜያዊ ነው በላቸው።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ምርመራ ያስፈልገኛል። ጂኑ ብቻውን ሰው አያሳምምም፤ ሐኪም አንጀቴን አይቶ ይፍረድ።"

ኃላፊው ስልኩን አወጣ። "ነገ ከሰዓት ትታያለሽ፤ እንቢ ብትዪ ጎትቼ ነው የምወስድሽ" ብሎ ወደ አንድ የአንጀት ሐኪም እየደወለ ወጣ።

ተመራማሪዋ ከመሳቢያው የታማሚዎችን ቅጽ አወጣች። ልትጽፍ ስትል ጋሼ ሚዛን እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱባት።

"የገዛ ደንብሽን ረሳሽው? ቁጭ በይ" አሉ፣ መነጽራቸውን እያጠለቁ። ተቆጥተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን የአባት ነው። "የሆድ ቁርጠት?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱ እንኳ ጨጓ..." አለችና አቆመች።

ጋሼ ሚዛን እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አንሥተው ጠበቁ። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"ሁለት ዓመት ከአራት ወር" አለች። "ደሙን ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ።"