ሐሰተኛዋ አውቶቡስ

ሚስትየው ከጠዋት ጀምሮ የባሏን ቁጣ ስትፈራ ነው የዋለችው። ባሏ ከሚሰበስባቸው የአውቶቡስ ሞዴሎች ሁሉ አብልጦ የሚወዳትን፣ ከብረት የተሠራችውን ትንሽ ቀይ አውቶቡስ አቧራ ስትጠርግ ጥላት ጎኗ ተሰንጥቋል፤ በሯም ተገንጥሏል። ቢቸግራት ከገበያ የፕላስቲክ አምሳያዋን ገዝታ መደርደሪያው ላይ አቆመች።

"ገና ሲያነሳት ይነቃብሻል፣ እህቴ" አላት የባሏ ጓደኛ፣ ጡረተኛው ቲኬት ቆራጭ። "ከሚስቱ ይልቅ የአውቶቡስ ብሎን የሚያውቅ ሰው እኮ ነው።"

"አንተ ብቻ አፍህን ያዝልኝ።"

ባልየው ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ሞዴል ሰብሳቢዎች የገዙትን ይዘው የሚመጡት ለእሱ ፍርድ ነው። መጀመሪያ በመዳፉ ይመዝናታል፤ ቀጥሎ የበሯን ክፍተት በጥፍሩ ይዳስሳል፤ ቀለሟ የመስኮቱን ጠርዝ ካለፈ ደግሞ "ወስደህ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ንዳት" ብሎ ባለቤቱን አንገት ያስደፋዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መርሳት ጀምሯል። ልጁን በእህቱ ስም ይጠራታል። ሐኪሙም እየባሰ እንደሚሄድ ለሚስቱ ነግሯታል። እሷ ግን "አውቶቡሶቹን እስካወቀ ድረስ ሰውዬው አለ" እያለች ትጽናና ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባልየው መጥቶ አውቶቡሷን አነሳ። ቲኬት ቆራጩም ሊያይ ተጠግቶ ቆመ። መዘናት። ጥፍሩን በበሯ ላይ አስኬደ፤ በሩ በቀለም የተሣለ እንጂ የሚከፈት አልነበረም።

"የሠራት ሰው እጁ ይባረክ" አለ። "ምንም እንከን አይወጣላትም።"

ቲኬት ቆራጩ ሊስቅ የከፈተውን አፉን መልሶ ገጠመ።

"በደንብ እያት እንጂ" አለች ሚስትየው። "አልቀለለችህም?"

"ብትቀል ምን አለበት? ነዳጅ አትበላም።"

"ቀለሙ መስኮቱ ላይ ፈሷል እኮ። በሩም አይከፈትም። ያንተን ሰብሬብህ ነው የቀየርኳት።"

ከአልጋው ሥር የደበቀቻትን ስባሪ አምጥታ በሌላ እጁ አስያዘችው። ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ከዚያ የብረቷን ወደ እሷ ገፋ።

"ይቺ ተሰብራለች። ጣያት።"

ቲኬት ቆራጩ ኮፍያውን አንስቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ሚስትየው ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈራው የዋለችውን ቁጣ አሁን እንደ ምጽዋት ትለምነው ጀመር።

"እባክህ፣ አንዴ ብቻ ስደበኝ" አለችው።

"ምን አድርገሽ ነው የምሰድብሽ?" አላት፤ አውቶቡሷን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ መንዳቱንም አላቆመም።