ፊት የሚያነሳ ሌንስ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ኢንጅነር ይለዋል እንጂ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሲያርፍ ደግሞ ፎቶ ያነሳል። ሰው ግን አያነሳም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ድልድይ፣ ሐይቅ፣ ያረጀ በር፣ የባቡር ጣቢያ ጣሪያ፣ በቃ ይኸው ነው። በሄድንበት ሁሉ መንገደኛው እስኪያልፍለት እንደ ምሰሶ ተገትሮ ይጠብቃል። "ሰው ከገባበት ዓይን ወደ ሰውየው ይሄዳል፣ ቦታው ይቀራል" ይላል። ሰው ከተባለው ውስጥ እኔም አለሁበት። ግድግዳችን ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች በአንዱ ብቻ እጄ ይታያል፤ እሱም የሌንሱን ቦርሳ እንደያዘ።

ስለዚህ ካሜራ ልግዛ ሲል አብሬው የምሄደው ለፍቅር ብዬ አይደለም። የገዛው ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እኔ ትከሻ ላይ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

የአሁኑ ጉዞ ነገር ከመነሻው አልጣመኝም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ስፌት ማሽኔ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሯል፣ እሱ ደግሞ ድንገት ብድግ ብሎ "ሰኞ ወደ ባሕር እንሄዳለን፣ ፈቃድ ወስጃለሁ" አለኝ። ፈቃድ! ሊፍት ቆመ ከተባለ ከምሳው ላይ የሚነሳ ሰው። ጨቀጨቅኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማኝም። በኋላ ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። አንገቴ ላይ ከወጣችው እብጠት ለምርመራ ናሙና ከተወሰደ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ውጤቱን እንኳ እኔ ዩኒፎርም ላስረክብ ስሮጥ እሱ ነው ሄዶ የሰማልኝ። "ምንም አይደለም፣ ክትትል ብቻ ነው" አለኝ። እኔም እፎይ ብዬ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ።

ለዚህ ጉዞ ሊገዛ ይዞኝ የገባበት ካሜራ ቤት ጠባብ ነው። ሻጯ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት ወጣት ናት። ለጉዞ መሆኑን ስትሰማ አንዲት ትንሽ ካሜራ አወጣች።

"ጋሼ፣ ለሽርሽር ይቺ ትበቃዎታለች። ቀላል ናት፣ ሌንሷም ቅርቡንም ሩቁንም ታነሳለች። መንገድ ላይ ሌንስ ልቀይር ብለው አቧራ አያስገቡም።"

በእጄ መዘንኳት። ከጨርቅ መቀሴ ብዙም አትበልጥም። "ተባረኪ፣ ትከሻዬን አተረፍሽልኝ" አልኳት።

ኢንጅነሩ ግን ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። "እኔ የምፈልገው ፊት በደንብ የሚያነሳ ሌንስ ነው" አላት። "ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዝ።"

ጆሮዬን አላመንኩትም። ከኋላ ላለው ሲል ዕድሜ ልኩን እኔን ከፊት ሲያስለቅቅ የኖረ ሰው!

"የማንን ፊት ነው እባክህ? ባሕሩ ጋ የቀጠርካት አለች እንዴ?" አልኩት።

ልጅቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። "ያንቺን" አለ።

ሻጯ አንድ ወፍራም ሌንስ አምጥታ ሌላ ካሜራ ላይ ገጠመችለት። "ለፊት ይሄ አንደኛ ነው። ግን ለጉዞ ይከብድዎታል፣ ባሕሩንም በሰፊው አያስገባልዎትም" ብላ አስጠነቀቀችው።

"ባሕሩ ይቅር" አላት።

በሩ ጋ ብርሃኑ ጥሩ ነው ብላ እዚያ አቆመችኝ። መነሳት የለመድኩ አይደለሁ፣ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። "ሆዴን ላስገባው ወይስ እሱንም ያደበዝዝልኛል?" ብዬ በገዛ ቀልዴ በሳቅ ፈረስኩ። ካሜራው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ከዚያ "ሻርፕሽን ትንሽ ከፍ አድርጊው" አለኝ።

ሻርፑን ልስብ እጄን ስሰድ ጣቴ ፕላስተሩን ነካው፤ ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ሻርፑን ከፍ ያስደረገኝ ፕላስተሩ ፎቶው ላይ እንዳይታይ ነው። ድንገት የመጣው ፈቃድ፣ ሰኞ፣ የኔ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አላነሳም። አንዴ ቀጭ አደረገ። በድንጋጤ ይሁን በልማድ እስካሁን አላውቅም።

"አውርደውና ንገረኝ!"

አወረደው። ሻጯ ነገሩ ስለገባት "ካርቶኑን ልፈልግ" ብላ ወደ ኋላ ክፍል ገባች።

"ስንመለስ ልነግርሽ ነበር" አለ። "ካንሰር ነው። ግን ቶሎ ከተጀመረ ይታከማል ብለዋል።"

"መቼ ይጀመር አሉ?"

የካሜራውን ማንገቻ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ፣ መቼ?"

"ሰኞ" አለ። "አንድ ሳምንት ምን ይለውጣል ብዬ ነው። ፀጉሯ ይረግፋል፣ መልኳም ይቀየራል አሉኝ። ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶሽ የለም። ሳታውቂ፣ ሳትፈሪ ያለሽን ፊት አንዴ ልያዘው ብዬ..." እንባው መጣና የቀረውን ዋጠው።

አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ግን በለጠ። "በሽታው የኔ፣ ሰኞም የኔ! የለቅሶዬን ፎቶ ስታዘጋጅ ቀኔን ልትበላብኝ ነው?" አልኩት። ሳልጮህ አልቀረሁም፣ መንገደኛ ዞሮ አየን። ሞት እንዲህ እንደሚያስፈራኝ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጅቷ ባዶ እጇን ተመለሰች። "ዕቃውን መልሺው ልጄ፣ ጉዞው ቀርቷል" አልኳት። ካሜራውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና "የሙከራዎቹን ፎቶዎች ላጥፋቸው?" ብላ ጠየቀች።

"አንዷን ተይልኝ" አላት፣ እንደሚለምን ሰው። "የምትስቀዋን ብቻ ስልኬ ላይ ላኪልኝ።"

ለእኔም አሳየችኝ። አንዷ ላይ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ እስቃለሁ። መጨረሻዋ ላይ ሐኪሙ ምን አለህ እያልኩ ነው። አፌ ክፍት ነው፣ ዓይኔ ፈጧል፣ አስቀያሚ ነኝ። ያችን ሴት ግን አልጠላኋትም።

"ሁለቱንም ላኪለት" አልኳት። "መርጦ አይወስድም።"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ተከተለኝ። ሐኪም ቤቱ ገና አልተዘጋም ነበር። መንገድ ላይ እግሩ እየተሳሰረ አላስኬድ ስላለው ክንዱን ያዝኩት፤ እንደዚያው ተያይዘን ገባን። በሩ ላይ ያለችው ነርስ እሱን አይታ ወንበር ሳበችለት።

"ታማሚው እሳቸው ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይደለም፣ እኔ ነኝ" አልኳት።