የጂጂ ካልሲ

የካልሲው ላስቲክ በልጄ በጂጂ ቁርጭምጭሚት ላይ የተወው ቀለበት አልጠፋ አለ። ሳወልቅላት ጠቧት ይሆናል ብዬ ነበር። ገላዋን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት ስቀባትም እዚያው ነው። የእግሯን ጀርባ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩና ለቀቅኩ። ጣቴ የተወው ጉድጓድ አልሞላም። ሌላኛው እግሯም እንደዚያው።

ይህን ጠዋት ማየት ነበረብኝ።

የግቢያችንን ልጆች የለካሁት እኔ ነኝ። አስራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንድ መለኪያውን ጥብጣብ የሰጠችው ለእኔ ነው። "ክንድ ብቻ አይበቃም፣ እግርም ተጫኑ፤ ያበጠ ልጅ የወፈረ ይመስላል" ብላናለች። የሌሎቹን ልጆች ሁሉ እግር ተጫንኩ። ወደ ጂጂ ስደርስ ሴቶቹ ጉንጯን እያዩ "ወፈረችልሽ!" አሉ። ዓይን እንዳይበላት ፈርቼ ካልሲዋን ሳላወልቅ ክንዷን ብቻ ለካሁና "አረንጓዴ፣ ደህና ናት" አልኩ። ጡት ካስጣልኳት ወዲህ በሻይ ከራሰ ዳቦ ሌላ እንደማትቀምስ አልተናገርኩም።

በጎረቤቴ በዱሬቲ ልጅ በፋሩቅ ክንድ ላይ ግን ጥብጣቡ ቢጫው ላይ አረፈ።

"ቢጫ ምንድን ነው?" አለች ዱሬቲ።

"አንቺ የምትጎርሺውን ለሱ አጉርሺው ማለት ነው" አልኳት፣ ጮክ ብዬ። ዱሬቲ ደልደል ያለች ናት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ የልጇን እጅጌ ወደ ታች ስባ ይዛው ገባች።

አሁን ጀምበር እየጠለቀች ነው። ባሌ ወንጂ ፋብሪካ ለማታ ፈረቃ ገብቷል። በግቢው ባጃጅ ያለው የዱሬቲ ባል፣ ኑሬ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አልኩ። ጂጂ አታለቅስም፤ ስጠራትም ዞር አትልም። ዱሬቲን ላለመለመን ብዬ ልጄን ላሳድራት እንደሆነ ሲገባኝ አቅፌያት ወጣሁ።

ዱሬቲ በሯ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። የጂጂን እግር አሳየኋት፣ ተጫንኩላት።

ጉድጓዱን አየች። "ወፈረች አልተባለም እንዴ?" አለች። ወዲያው ቢላዋውን ጥላ ተነሳች። "ኑሬ! ኮቱ፣ ቶሎ ና! ባጃጁን አስነሳ!"

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ የጂጂን እግር ተጫነች።

"ተለክታ ታውቃለች?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ማን ለካት?"

"እኔ።"

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። "እዚሁ ተኝታ ትታከማለች። ደግነቱ ዛሬ አመጣሻት።" በኩባያ የሰጡንን ወተት ጂጂ ትንሽ ትንሽ እያለች ጨረሰችው። እኔ አለቀስኩ።

ስልኬ ጮኸ። ዱሬቲ ናት።

"ቤትሽን ወለል አድርገሽ ከፍተሽ ትተሽው ሄድሽ እኮ። ልጅቷስ?"

"ወተት ጠጣች። ዱሬቲ፣ ጠዋት የተናገርኩት..."

"ፋሩቅንም ነገ ይዤው እመጣለሁ፣ እነሱ ይዩት" አለችኝ። "በርሽን ልቆልፍልሽ ነበር፣ ይሄ ቁልፍሽ አይዞርም። ምን ይሻለዋል?"

"በሩን ወደ ራስሽ ሳብ አድርገሽ ነው።"

ስትስበው ሰማሁ። ከዚያ ቁልፉ ዞረ።