ይድረሰው

የኤሌኒ ውሻ የሞተው በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙን ነገራትና «ዘቢብ ማን ሰጠው?» አላት። ሙዝ ተልጦ፣ ማንጎ ዘሩ ወጥቶ በልኩ ቢሰጡት ውሻ አይጎዳም፤ ወይንና ዘቢብ ግን ይገድለዋል።

ማን እንደሰጠው ለማወቅ አዋቂ ቤት አያስኬድም። በዚያ የአራዳ መንደር ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ዘቢብ ገዝቶ የሚያኖር ጎረቤቷ አያ ዳኛው ብቻ ናቸው። ውሻው በጮኸ ቁጥር «እንቅልፍ ነሳኝ» እያሉ ስንት ጊዜ አጥር ደብድበዋል።

ኤሌኒ አላለቀሰችም። ቡችላ አመጣችና ስሙን «ይድረሰው» አለችው። የተበደለ ሰው ምሬቱን በውሻው ስም ማሰማቱ ያገር ልማድ ነው፤ ማን ይከሰዋል፣ ውሻውን ነው የጠራ። ሽማግሌው ወደ ቅዳሴ ሲወጡ በሯ ላይ ቆማ «ይድረሰው» ትላለች፤ ሲመለሱም ትደግማለች። እርግማኑ ለማን እንደሆነ መንደሩ ለመረዳት ሳምንት አልፈጀበትም። የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ሳይቀሩ ሰላምታ ነሷቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። ኤሌኒ በጾሙ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ቀን አያ ዳኛው ደጇን አንኳኩ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጨከንሽብኝ? ጾም ገብቶ አጥንት ጠፋ፤ ያ ውሻ ጎኑ ተጣብቆ በአጥሩ ቀዳዳ ያየኛል። ሥጋ ከየት ላምጣለት? ለደብሩ ካኖርሁት ዘቢብ እፍኝ እፍኝ ሰጠሁት። ፍሬ ይገድላል ብሎ ማን ያስባል?»

ኤሌኒ ራሷ በዚያ ጾም ለውሻው ደረቅ እንጀራ ወርውራ ነበር የምታልፈው። አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት።

«ስሙን እለውጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እሱስ ሸጋ ነው» ብለው ሄዱ።

ቡችላውን «መጫ» ብላ ጠራችው። ጆሮውን እንኳ አላነሳም። በማግስቱ ጠዋት በሩን ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ወደ አስፋልቱ ሮጠ፤ ከላይ ባጃጅ እየከነፈ ይመጣል። አያ ዳኛውም ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጃቸው ብቅ ብለዋል፤ ከስንት ቀን በኋላ ቀና ብለው ነበር። ኤሌኒ አዲሱን ስም ሁለቴ ጠራች። ውሻው አልዞረም።

«ይድረሰው» ብላ ጮኸች።

ውሻው ተመልሶ እግሯ ሥር ገባ። አያ ዳኛውም ተመልሰው በራቸውን ዘጉ።