ጳጉሜ ስድስት

«ኮምፒዩተሩ ጋሽ ሽፈራው አልሞቱም አለ!»

የእድሩ ሊቀመንበር ታምሩ ከሳሎን ብቅ ብሎ እንዲህ ሲል ግቢው ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ሟቹ ቢሰሙ ከሁሉም ቀድመው በሳቁ ነበር።

አቶ ሽፈራው የሐይቅ ዳሩ እድር ጸሐፊ ነበሩ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ የሂሳብ መምህር ሳሉ፣ ቤዚክ በሚባል የድሮ የኮምፒዩተር ቋንቋ ለእድሩ ፕሮግራም ጻፉ። የሟች ስምና ቀን ሲገባለት ድንኳን የሚተክለውን፣ ውሃ የሚቀዳውን፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረውን ተረኛ አትሞ ያወጣል። አድልዎ አያውቅም፤ ሊቀመንበሩንም ውሃ ያስቀዳል።

አሁን ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

«በእጅ እንጻፈው እንጂ፤ ሰው ውሃ ጠምቶታል» አለ ታምሩ።

«የሰፈሩን ሟች ሁሉ የመዘገበ ሰው ራሱ ሳይመዘገብ ሊቀር? እኔ እያለሁ አይሆንም!» አለች ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጃቸው ሃሴት።

እሷም ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዋ ነው። በመጣች ቁጥር «አባዬ፣ ይሄን ሽማግሌ ፕሮግራም ጡረታ አስወጣው» ትለው ነበር። እሱም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «አብረን እንወጣለን፤ ምን አስቸኮለሽ?» ይላታል። ይኸው፣ ፕሮግራሙን ቀድሞት ወጣ። ናፈቃት።

መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበበች። ድንገት ሳቋ አመለጣት።

«እማዬ! ጳጉሜን አምስት ላይ ዘግቷታል! በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ረስቶ!»

«መች ረሳ! ነግሬው ነበር» አሉ እናቷ ወይዘሮ የሺ፣ እንባና ሳቅ እየተናነቃቸው። «‹ለአንዲት ቀን ብዬ? በዚያች ቀን ደግሞ ማን ይሞታል?› አለኝ።»

ሃሴት አምስቱን አጥፍታ ስድስት ጻፈች። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር፤ ስም በተመዘገበ ቁጥር ማሽኑን ጢጥ የሚያሰኝ። አባቷ እንዳይሠራ አግዶት፣ ምክንያቱን በላቲን ፊደል ጎኑ ላይ ጽፎታል። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ሃሴት ተኝታለች።»

ያኔ የሦስት ወር ልጅ ነበረች።

ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ከዚያ እገዳውን አነሳችለት። የአባቷን ስም፣ ጳጉሜ ስድስትንም አስገባችና ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«በይ የኔ ልጅ፤ ሸኚው» አሉ ወይዘሮ የሺ ከኋላዋ ቆመው።

ተጫነችው። ማሽኑ ጢጥ ሊል ሲል እናቷ በሁለት እጃቸው ጆሮዎቿን ሸፈኑላት።