በረኪና የሚሸተው ፀጉር

እናትየዋ ሰውን ለማመን የምትቸኩል ሴት አይደለችም። በልብስ እጥበት ቤት የሰውን ገበና ከየኪሱ ስታወጣ የምትውል ሴት እንዴት ብላ ትቸኩል? ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ሐሙስ ሐሙስ እያመሸች፣ ያውም ፀጉሯ እንደራሰ መግባት ስታበዛ ነገሩ ሸተታት። ነገሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ልጅቷ ራሷ በረኪና በረኪና ትሸታለች።

«ዝናብ የለ፣ ምን የለ፤ የት ነው የራስሽው?»

«ትምህርት ቤት ታጥቤ ነው፣ እማዬ።»

«እኛ ቤት ውኃ ጠፋ?»

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ሾልካ ገባች።

የሰው ቤት ወለል የሚያሳጥባት አለ ብላ ጠረጠረች እናት። ጭንቀቷን ይዛ ከእሷ በፊት እዚህ ባዕድ አገር ወደገባችው ጎረቤቷ፣ ወደ ታክሲ ነጂው ሚስት ወጣች።

«ኧረ እቴ፣ የዚህ አገር ተማሪዎች ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ክለብ ነው!»

«ክለብ? በአሥራ ሁለት ዓመቷ?»

«የምሽት ክለብ አላልኩሽም! ኳስ አለ፣ ሥዕል አለ፣ ዳንስ አለ...»

«ይኸው! ዳንስ አልሽ!»

ባሏን የአገር ቤቱ ወንዝ ከወሰደባት ወዲህ ያለቻት ይህቺው አንድ ልጅ ናት። ከባልዲ የጠለቀ ውኃ እንኳ አስጠግታት አታውቅም። ብትሳሳላትም ውሸት አትወድም፤ ዋሽታኝ ከሆነ ወደ አያቷ እመልሳታለሁ ብላ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጥርሴን አመመኝ ብላ አለቃዋን አስፈቀደች። ለራስ ሲሆን ውሸትም ይቀላል። ከትምህርት ቤቱ በር ጀምራ በሩቁ ተከተለቻት። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ገባች። እናት በሩን ስትከፍተው ሞቃት አየርና ያ የበረኪና ሽታ ፊቷን መታት። ቀና ስትል ልጇ ከመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ ዘለለች፤ ውኃው ዋጣት።

«ልጄን!»

ከነጫማዋ ሮጠች። አሠልጣኟ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘቻት። ልጅቷ ብቅ ብላ እናቷን ስታይ የገንዳውን ጠርዝ ጨበጠች።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

«ሞቼ ነው!»

«አባዬ ዋና ቢችል ኖሮ እኮ...» ልጅቷ አልጨረሰችውም። «እማዬ፣ እዚያው ቁሚና እዪኝ ብቻ።»

ዞራ መዋኘት ጀመረች። ጭንቅላቷ በጠለቀ ቁጥር እናት ትንፋሿን ትውጣለች። ልትመታትም፣ ልትስማትም አማራት። ልጅቷ ማዶ ደርሳ ግድግዳውን ነካችና እጇን አውለበለበች።

እናት እንባዋን በመሐረቧ ጠርጋ እርጥቡ ወለል ላይ ዘፍ አለች።

«አላመንኩም» አለች ጮክ ብላ። «አጋጣሚ ይሆናል። እስቲ ድገሚው።»