የሙከራው ቅጂ

«አሁንም አለ» አሉ አባት፣ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። «ሽርርር ይላል። ዘይት ውስጥ የገባ ሽንኩርት ነው የሚመስለው።»

ልጃቸው የማይክራፎኑን ገመድ ከላፕቶፑ ነቅላ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካችው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አስራ አንድ ላይ መኪና መጥቶ አባቷን ወደ ሆስፒታል ይወስዳቸዋል። ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ጉሮሯቸውን ከፍተው ያንን ክፉ እብጠት ከነድምፅ ማውጫቸው ቆርጠው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ መኖሩን ይኖራሉ፣ መናገሩ ግን ቀረ። ሐኪሙም አልሸሸጋቸውም፤ «የሚናገሩት ነገር ካለ እስከዚያው ተናግረው ይጨርሱ» ብሏቸዋል።

እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ላይ ዜና ያነበቡ ናቸው። ሰፈሩ የወጣላቸውን ስም ትቶ ጋሽ ዜና ነው የሚላቸው። አገር ምድሩ ድምፃቸውን እየሰማ ሰዓቱን ሞልቷል። ቤታቸው ውስጥ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ቃል በቁንጥር ነበር የሚሰጡት። ለሚስት «ጨው አነሰው»፣ ለልጆች «ተነሱ»፣ በቃ። ረዘም አድርገው የተናገሩት ነገር ቢኖር ከሰባት ዓመት በፊት፣ በሚስታቸው ቀብር ማግስት ነው። ወንድ ልጃቸው እናቱ ስትታመም ሳይመጣ፣ ተቀብራ ካደረች በኋላ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ። አባት ከተቀመጡበት ተነሱና ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ፊት፣ በዚያ ዜና በሚያነቡበት ድምፅ፣ «እናቱ አልጋ ላይ ሆና በር በሩን ስታይ ያልመጣ፣ ዛሬ ለማን ብሎ መጣ? እኔ ወንድ ልጅ የለኝም» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ሻንጣውን መሬት ሳያስነካ ተመለሰ፤ አገር አቋርጦ ማዕድን ቁፋሮ ገባ፤ ይኸው ሰባት ዓመቱ።

ባለፈው ሳምንት እህትየው ደውላ የአባታቸውን ነገር ስትነግረው፣ «ይደውልልኝ አልልም» አላት። «ደውሎ ደግሞ ብንጣላስ? ቀድቶ ይላክልኝ፣ ብቻዬን ሆኜ እሰማዋለሁ። ከራሱ አፍ ካልሰማሁ ግን እግሬን አላነሳም።»

አባት ይህ ሲነገራቸው ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ «ይሁን» አሉ። ግን በስልክ አይሆንም። ስልክ ድምፅ ያኮላሻል። ደህና ማይክራፎን ይምጣ፣ በኮምፒውተር ይቀዳ። ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞም ጥራት የሚባል ነገር አለ እንግዲህ! ልጅቷ አርባ ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፣ ላፕቶፑን የምታውቀው ለደብዳቤ ነው። ከሥራ ባልደረባዋ ባል ማይክራፎን ተውሳ መጣች። እስካሁን የቀዱት ግን አስራ አንድ ጊዜ ሽርርታ ብቻ ነው።

«መጠኑን ቀንሺው እስቲ፣ ሚጡ» አሉ አባት። ሚጡ የሚሏት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ድምፃቸው ሻክሯል፣ በየሦስት ቃሉ ይቆረጣል።

ቀነሰችው። የሳቸው ድምፅ አነሰ፣ ሽርርታው ባለበት ቀረ።

«እንግዲህ ከመብራቱ ነው።»

መብራቱን አጠፋች። ስልኳን አጥፍታ ሌላ ክፍል ወስዳ አስቀመጠች። መስኮቱን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። እያንዳንዱን ሙከራ «ሙከራ» በሚል አንድ ስም ታስቀምጣለች፤ አዲሱ በላዩ ሲመጣ አሮጌው ይጠፋል። ይህንንም ያዘዟት እሳቸው ናቸው። በቴፕ ክር በሚቀዳበት ዘመን ሙከራ በሙከራ ላይ ነበር የሚቀዳው፣ ክር ውድ ነው። ላፕቶፕ ክር የለውም ብትላቸውም «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ብለው ዘጉት፤ እሷም ለዚህ ብላ አልተከራከረችም።

«ፍሪጁ ነው» አሉ አሁን። «ስቱዲዮ ውስጥ እያለን የሻይ ቤቱ ፍሪጅ ያስቸግረን ነበር። ታች ደግሞ ያቺ ልብስ ሰፊ ሞተሯን ታስነሳለች። አንቺ መቅጃውን ክፈቺውና ይሂድ። ፍሪጁን ንቀዪ፣ ወርደሽ ሴትዮዋንም ለምኛት። ሽርርታው የቱ ጋ እንደቆመ ቅጂው ይነግረናል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ ሆኜ አንድ ሁለት ሦስት እላለሁ።»

መቅጃውን ከፍታ ወጣች። ፍሪጁን ነቀለች፤ እያጓራ ቆይቶ ዝም አለ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ልብስ ሰፊዋ መርፌ በአፏ ይዛ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጫፍ ታጥፋለች።

«እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ሞተሩን ያቁሙልኝ። አባባ ድምፅ እየቀዱ ነው።»

ሴትዮዋ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ጋሽ ዜና? ምነው፣ ዜና ጠፋ እንዴ?» አለችና የልጅቷን ፊት ስታይ ሳቋን መለሰችው። «ነው እንዴ ነገ? አይ እናቴ… እኔ እኮ የሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ። አምስት ደቂቃ አልሽ? ከፈለግሽ እስኪመሽ አላስነሳውም። ግን ለማን ነው የሚቀዱት?»

«ለወንድሜ።»

«ሊታረቁት ነው?»

«እንጃ፣ እትዬ። እግዜር ያውቃል።»

ሴትዮዋ የሞተሩን ገመድ ነቅላ እጇ ላይ ጠቀለለችው፤ ስለ ራሷ ወንድምም አንድ ነገር ጀመረች። ልጅቷ ቆማ ሰማቻት፤ ለምኖ ወዲያው መሮጥ ነውር ነው። ስትመለስ አባቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደ ተዘጋው መጋረጃ አዙረዋል።

«ቆመ?» አለቻቸው።

«አልቆመም መሰለኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ድምፃቸው ከቅድሙ ይልቅ ቀጥኗል።

መቅጃውን ዘግታ ማዳመጫውን አጠለቀች። ቅጂው ዘጠኝ ደቂቃ ሆኗል። ማን ዘጠኝ ደቂቃ ያዳምጣል፣ ሰዓቱ አስር ሊሆን ነው፤ ወደ መጨረሻው ጎተተችው። ሽርርር። ፍሪጁም ሞተሩም ጠፍተው ያው ነው። ተናደደች። በዚያው ስም፣ በላዩ ላይ፣ አዲስ ሙከራ ቀዳች። እሱም ያው።

ሄዳ ስልኳን አበራችና ትምህርት ቤታቸው አጠገብ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ሰው ደወለች።

«ማይክራፎኑን ተዪው፣ እህቴ» አላት ነገሩን ሰምቶ። «ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ንቀዪውና እስቲ በባትሪው ብቻ ቅጂ።»

ነቀለች። ቀዳች። አዳመጠች። በማዳመጫው ውስጥ የአባቷ ትንፋሽ ብቻ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ጠፋ!» አለች።

«ቻርጀሩ የማይረባ ነው ማለት ነው፣ ሽርርታው የሚገባው በሱ በኩል ነው። ብዙ ሰው ማይክራፎን ይቀይራል፣ በከንቱ» አለና ዘጋው ጠጋኙ።

ባትሪው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይላል። ለአንድ አባትና ለአንድ ልጅ ሠላሳ አምስት ደቂቃ መች አነሰ። ወንበሯን አስጠግታ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አዞረችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ከስንት ቀን በኋላ ደስ ብሏት ነበር።

«በሉ አባባ፣ አሁን ጠርቷል። ይናገሩ።»

«ምኑን?»

«ለሱ የሚሉትን።»

አባት ገርሟቸው አዩዋት። «ብያለሁ እኮ።»

«መቼ?»

«ፍሪጁን ልትነቅዪ ስትሄጂ።» ጉሮሯቸውን ያዙ፣ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ሰው ፊቴ ሲቀመጥ አይሆንልኝም፣ ሚጡ። ስንት ዘመን ሰው በሌለበት ክፍል ነው ያወራሁት። ብቻዬን ስሆን ወጣልኝ። ሁሉንም ብያለሁ። ያንኑ ላኪለት።»

«ሽርርታ አለው…»

«ይኑረው። ግድ የለም፣ ይሰማል።»

በሕይወቷ ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ «ግድ የለም» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ልጅቷ ላፕቶፑን አየችው። «ሙከራ» የሚለው ፋይል አስራ ሁለት ሰከንድ ይላል፤ ውስጡ ትንፋሽ ነው።

«መቼም ሰምተሽዋል» አሉ አባት። «ቴክኒሽያን ቅጂውን ከራሱ እስከ እግሩ ሳይሰማ አይሰርዝም፣ የመጀመሪያው ሥርዓት ነው። ሰምተሽ፣ ለብቻው አስቀምጠሽ ዝም ስትዪ፣ ደግ አደረገች አልኩ። ብትናገሪኝ አፍር ነበር።»

ይህን ሥርዓት ነግረዋት አያውቁም። ሙከራ በሙከራ ላይ ይቀዳል ብለው ግማሹን ነገሯት፣ ሌላው ግማሽ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏቸው በሆዳቸው ቀረ። የዚህ ቤት ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ግማሹ ይነገራል፣ ግማሹ ይታወቃል ተብሎ ይተዋል።

«አባባ» አለች። «እንዲጠራ… አንዴ ብቻ ቢደግሙት። አሁን እኮ ንጹሕ ነው።»

«አልደግመውም።»

«አጠር አድርገውም ቢሆን። ሁለት ቃል።»

«አንዴውንም ያልኩት በስንት መከራ ነው። ሁለተኛ ካልኩት ዜና ይሆናል…» ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል ነው፣ ትከሻቸውን ያዘችላቸው፣ መሀረብ ሰጠቻቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ የወጣ ድምፅ የለም። እጃቸውን አወዛወዙ፤ በቃኝ ማለታቸው ነው።

እውነቱን ልትነግራቸው ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አጠፋሁት፣ አልሰማሁትም፣ ዘጠኝ ደቂቃ ማዳመጥ ሰነፍኩ። ግን ነግራቸው ምን ያደርጋሉ? ያ ጉሮሮ ከእንግዲህ ሊያወጣው የሚችለው ቃል የለም። ይህን ይዘው ቢላዋ ሥር ይተኙ? እውነትም አንዳንዴ ለተናጋሪው ብቻ ነው የምትቀለው።

«እሺ አባባ» አለች። «እልካለሁ።»

መኪናው አስራ አንድ ሳይሞላ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ሥር ቆማ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ ሞተሯን አላስነሳችም ነበር። በመንገድ ላይ ልጅቷ ሻንጣውን እግሮቿ መሀል አድርጋ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። ሁሉንም ብያለሁ ነው ያሉት። ሁሉንም ማለት ምንድን ነው? «ሁሉም» ውስጥ ይቅርታ አለ። እርግማንም አለ። የሰባት ዓመት ቂም ዘጠኝ ደቂቃ ይሞላል፣ ይተርፋልም። አፍር ነበር ብለዋል፤ ሰው በፍቅሩም ያፍራል፣ በክፋቱም ያፍራል። ፊታቸው ወደ መጋረጃው ዞሮ ነበር፣ ያኔ ዞራ አላየችውም። አሁን ብታየው መንገዱን ነው የሚመለከተው፣ ምንም አይነግርም።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ልብሳቸውን አስቀይራ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው፤ ከእንግዲህ እንዳያወሩም አስጠነቀቀች። ነርሷ ስትወጣ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። የወንድሟ መልእክት ነው።

«ቀዳ? ምን አለ?»

«ቅጂው ተበላሸብኝ» ብላ ጻፈች። አየችው። ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ አላለም ይላል፣ እሷ ልትሸፍንለት ነው ይላል፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። አጠፋችው። «ሁሉንም ብሏል» ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው።

አባት ከአልጋው ላይ ጣታቸውን አነሱ። ጎንበስ አለችላቸው። ነርሷ የከለከለቻቸውን፣ የቀረቻቸውን ያቺን ጭላጭ ድምፅ አወጧት።

«ላክሽለት?»

«አሁን ነው የምልከው፣ አባባ።»

ቀና ብላ ስልኩን ያዘች። «ና ብሎሃል» ብላ ጻፈች። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ላከችው።